ለተማሪ ወላጆች በሙሉ፦ ስለ መምህራኖቻችን

ውድ ወላጆች እንደምን ሰነበታችሁ። አትደንግጡ፣ ስለ ክፍያም ስለ ዩኒፎርምም አይደለም፣ ስለ መምህራኖቻችን ነው።

ሰሞኑን ቴሌግራም ግሩፓችን ላይ ማታ ማታ የሚጻፈውን እያየሁ ነው። አንዱ "ይሄ የሂሳብ መምህር ማስተማር አይችልም" ብሎ ይለጥፋል፣ ሌላው ከስር ላይክ ያደርጋል፣ መምህሩም እዛው ግሩፕ ውስጥ ስላለ ቁጭ ብሎ ያነበዋል፣ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ደሞ እነዛው ልጆች ፊት ቾክ ይዞ መቆም አለበት። እስቲ እናንተ ብትሆኑ?

የመምህር ኑሮ የሚከብደው በደሞዝ ብቻ ይመስለናል። ደሞዙማ ያው ታውቁታላችሁ፣ የቤት ኪራይና ታክሲ ከወሰደው በኋላ ምን ይተርፋል፣ ቀላል ነው አልልም። ግን እኩል ደሞዝ እየበሉ አንዱ ኑሮውን ወዶ ሲኖር ሌላው ገና እሁድ ከሰዓት ጀምሮ ሰኞን እያሰበ ሆዱ የሚረበሸው ለምንድነው? እኔ እንደማየው አንደኛው ነገር እችላለሁ ብሎ ማመኑ ነው፣ ሁለተኛው ከኋላው የሚደግፈው ሰው መኖሩ።

አልበርት ባንዱራ የሚባለው ሳይኮሎጂስት በ1977 እ.ኤ.አ. እንደጻፈው ሰው ይሄን እምነት የሚያገኘው ከአራት ቦታ ነው፣ ራሱ ሰርቶ ሲሳካለት፣ እንደሱ ያለ ሰው ሲሳካለት ሲያይ፣ የሚያምነው ሰው ትችላለህ ሲለው፣ ሰውነቱም ከጭንቀት አረፍ ሲል። አዲሶቹን መምህራን ነባሮቹ ክፍል እያስገባን እንዲያዩ የምናደርገው ለሁለተኛው ብለን ነው፣ ሶስተኛው ግን ግማሹ በእናንተ እጅ ነው።

አራተኛ ክፍል የምታስተምር አንዲት መምህርት አለችን፣ ስሟን ብጠራ ታፍራለች። ዘንድሮ ክፍልፋይ አልገባቸው ብሏት ተስፋ ቆርጣ ነበር። ከዛ አንዲት እናት ኮሙኒኬሽን ቡክ ላይ "ትናንት ዳቦ እየቆረሰ አንድ አራተኛ ምን እንደሆነ ለታናሽ እህቱ ሲያስረዳት ሰማሁት፣ ተባረኪ" ብላ ጻፈችላት። ብዙዎቻችሁ እዛ ላይ ፊርማ ብቻ ነው የምታስቀምጡት (እሱንም የማያስቀምጥ አለ)። መምህርቷ ቡኩን ስታፍ ሩም ይዛ መጥታ ለሁላችንም አስነበበችን፣ አሁን ወረቀት እያጠፈች የምታስተምርበትን ዘዴ ሌሎቹም ሴክሽኖች ወስደውታል።

ድጋፍ ስል ስጦታ ማለቴ አይደለም፣ ለበዓል ብር ሰብስቡም አላልኩም። መምህር ሐዘን ሲደርስበት ለቅሶ የምትመጡ አላችሁ፣ እሱ ከምንም በላይ ነው፣ እግዜር ይስጥልን።

ቅሬታ አታቅርቡ እያልኩም አይደለም። መጀመሪያ ለራሱ ለመምህሩ ንገሩት፣ ካልሆነ ለዩኒት ሊደሩ፣ ካልሆነ ቢሮዬ ክፍት ነው። ልጅ ላይ እጁን ያነሳ ካለ ግን በቀጥታ እኔ ጋ ኑ፣ ማንንም አትጠብቁ።

ግሩፑ ከሰኞ ጀምሮ ማስታወቂያ ብቻ የሚወጣበት ይሆናል። ካርድ በሚሰጥበት ቅዳሜ ከ3 ሰዓት ጀምሮ ሁሉም መምህር በየክፍሉ ስለሚገኝ ካርዱን በሰው አታስወስዱ፣ ራሳችሁ ኑና አናግሯቸው።

ከአክብሮት ጋር
ርዕሰ መምህሩ