የመጀመሪያው ዓመት የኔትወርኩ ነበር

ይድረስ ለእህት ዓለም፤

እንደምን ከርመሻል? «እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ» ብዬ ጀምሬ ሰረዝኩት። ለሌላ ሰው ቢሆን እተወው ነበር።

ይቅርታውን አስቀድሜ ልጨርሰው። በ2015 ክረምት ከተማችን ተኩስ ሆኖ ኢንተርኔት ሲዘጋ ባህር ዳር ያለ ሰው ሁሉ እንደጠፋው ጠፋሁ። መደወል ይቻል ነበር፣ አውቃለሁ፤ ግን እሱን ለኔትወርኩ ተይለት። ከዚያ በኋላ ያለው የኔ ነው። ዳታው ሲመለስ ቴሌግራሜ ተንጫጫ፤ ከመሃሉ ያንቺ የድምፅ መልእክት አለ፣ 3 ደቂቃ ከ12 ሰከንድ። ማታ ልጆቹ ሲተኙ በእርጋታ እሰማዋለሁ አልኩ። በማግስቱ ደግሞ ቅዳሜ አልኩ። ሳምንት ሲያልፈው አለመመለሴ አሳፈረኝ፤ ወር ሲሞላው ስምሽን ስልኬ ላይ ሳይ ሆዴ ይላወስ ጀመር። ያንቺን ስም!

ምን ሆነሽ ነው ትይኝ ይሆናል። ግንቦት 2016 የተመረቀውን አዲሱን የዓባይ ድልድይ አላየሽውም፤ 380 ሜትር ነው፣ ሰፊ፣ ያማረ። አንድ ቀን ከማዶ ሠርግ ስመለስ ባጃጅ ውስጥ፣ ልክ መሃሉ ላይ፣ ልቤ እንደ ከበሮ መምታት ጀመረ። እጄ ደነዘዘ፣ ትንፋሽ አጠረኝ። ልሞት ነው ብዬ ቁርጤን አወቅሁ። «ወንድሜ አቁምልኝ» ስለው «እህቴ፣ እዚህ አይቆምም» ብሎ ነዳው። እንደተሻገርን መንገድ ዳር አስቀምጦኝ ውሃ ገዛልኝ። ሂሳብ እንኳን አልተቀበለኝም።

ልቤን ታየሁ፣ ደሜን ታየሁ፣ እንቅርትም ተመረመርኩ፤ ሁሉም ንጹሕ። «ምንም የለብሽም፣ አትጨነቂ» ተብዬ ወጣሁ። ጸበልም ገባሁ፤ እዚያ ያለሁበት ሰሞን እንቅልፍ ወሰደኝ፣ ውለታው አለብኝ። ቤት ስመለስ ግን ያው። ከዚያ ወዲያ ድልድዩን ሸሸሁት። ማዶ ላለው ጉዳይ ሁሉ ባሌን መላክ ሆነ። ለቅሶ እንኳን ቀረሁ፤ የኛን አገር ታውቂዋለሽ፣ ለቅሶ የቀረ ሰው ምን እንደሚባል።

በኢንተርኔት ምክር የሚሰጡ እንዳሉ የነገረችኝ ጎረቤቴ ናት። የመጀመሪያው አልሆነኝም። ሰዓቱን ሙሉ ስለራሱ ሲያወራልኝ ቆየና፣ የሙያ ፈቃዱን ብጠይቀው ተቆጣ። የከፈልኩት ብር እስካሁን ያንገበግበኛል። ሁለተኛዋ አዲስ አበባ ናት። ወደ ጨዋታው ሳንገባ፣ አሁን የት ነሽ፣ መስመር ቢቋረጥ በየትኛው ስልክ ልደውል፣ ክፉ ቢገጥምሽ ከቤት ማንን ልጥራ ብላ ጠየቀች። ራሴን ስለመጉዳት አስቤ እንደማውቅም ፊት ለፊት ጠየቀችኝ። የሰው ሕይወት አደጋ ላይ ካልወደቀ በቀር የምነግራት ከሷ እንደማይወጣ ነገረችኝ። መድኃኒት የማዘዝ ሥልጣን እንደሌላት፣ ካስፈለገ ወደ ሐኪም እንደምትመራኝም ጭምር። ያኔ ነው ልቤ ያረፈው።

ችግሩ የት ሆኜ ላውራ? አማቴ ከኛ ጋር ናት፤ የቤታችን ግድግዳ ደግሞ ምስጢር አይቋጥርም። ስለዚህ ዘወትር ዓርብ 10 ሰዓት ላይ ሐይቁ ዳር፣ አንድ ዋርካ ሥር እቀመጣለሁ። ማዳመጫ በጆሮዬ፣ ነጠላዬን ከላይ ደረብ አድርጌ። የሚያልፍ ሰው መዝሙር የምሰማ ይመስለዋል። ኔትወርኩ ስለሚንገዳገድ ካሜራ አንከፍትም፤ ፊቷን ያየሁት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። መጀመሪያ ጎደሎ መስሎኝ ነበር። በኋላ ሳስበው ለነፍስ አባትሽ ስትናዘዢም ቀና ብለሽ አታያቸውም፤ አንገት ደፍቶ ማውራት ድሮም የለመድነው ነው።

ያ የእጅ መደንዘዝ ምን እንደሆነ አስረዳችኝ። ሰው ሲደነግጥ ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል፤ ያኔ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከደም ይቀንስና ጣትና ከንፈር ይደነዝዛል። ያስፈራል እንጂ አይገድልም። እስከ 4 እየቆጠርሽ አስገቢ፣ እስከ 6 እየቆጠርሽ አስወጪ አለችኝ። ቡናዬንም አስቆጠረችኝ፤ በቀን ሰባት ሲኒ! ከአቦል እስከ በረካ የኔን ጠጥቼ ደግሞ ጎረቤት ስጠራ እሄዳለሁ። አሁን ከአቦል አላልፍም። ጎረቤቶቼ ጾም የያዝኩ መስሏቸዋል።

ዋናው ግን ድልድዩ ነው። በሸሸሁት ቁጥር ለጊዜው እፎይ እላለሁ፣ ፍርሃቱ ግን በዚያው እፎይታ ይቀለባል አለችኝ። እና በእግር ላከችኝ፤ በመጀመሪያው ቀን እስከ መብራት ምሰሶው፣ በሌላው ቀን ትንሽ አለፍ አድርጌ። መሃሉ ላይ የደረስኩ ዕለት በስልክ አብራኝ ነበረች።

«ፍርሃቱ ከ10 ስንት ነው?»

«ስምንት።»

«ቁሚ። እኔም አለሁ።»

የድልድዩን ብረት ጨብጬ ቆምኩ። ከታች ዓባይ ከጣና ወጥቶ ዝም ብሎ ይሄዳል። ስድስት አልኳት። አጠገቤ ያሉ ልጆች ድንገት «ጉማሬ! ጉማሬ!» ብለው ጮኹ፤ እኔም እንደነሱ አንገቴን አሰገግኩ።

«አሁንስ ስንት?»

«ቆይ፣ ጉማሬ እያየሁ ነው» አልኳት። ስትስቅ ሰማኋት።

አሁን የማፍርበትን ልንገርሽ። ልጄ አቡሽ ስምንት ዓመቱ ነው። ከሦስት ዓመቱ ጀምሮ ደረቅ የነበረ ልጅ፣ ከዚያ የተኩስ ሰሞን ወዲህ አልጋው ላይ መሽናት ጀመረ። አማቴ «በበርበሬ ይታጠን፣ እኛም ታጥነን ነው ያደግነው» አለች። አላጠንኩትም፤ ግን ቆንጥጬዋለሁ። አንሶላውን ሰው በሚያይበት አስጥቼ አሳፍሬዋለሁ። ይህን ለአማካሪዋ ስናገር ድምፄ አልወጣ አለኝ። አልገሠጸችኝም። መጀመሪያ ሽንቱን አስመርምሪ አለች፤ አስመረመርኩ፣ ደህና ነው። ቀጥላ፣ ተኝቶ የሚሆነው ነገር በእጁ አይደለም፤ ልብሱን አብራችሁ ቀይሩ፣ ጉዳዩም በእናንተ ይቅር አለች። በቀን ደግሞ 10 ደቂቃ ስጪው፤ ስልክ የለም፣ ጥያቄ የለም፣ ማስተማር የለም፣ ጨዋታውን እሱ ይምራ።

ቀላል መስሎኝ! ሐይቁ ዳር ወስጄው ደንገል እየሰበሰበ ታንኳ ሊያስር ተቀመጠ። ቋጠሮው ይላላበታል። እጄ በላኝ፣ «እንዲህ አይደለም» ልል አፌን ከፈትኩ። ዘጋሁት። «አሁን ጫፉን እያጠፍከው ነው» ብቻ አልኩ። ቀና ብሎ አየኝ፤ ግራ የገባው ይመስላል። ታንኳዋ ገና ከመነሻዋ ተፈታታች። ሌላ ማሰር ጀመረና እንደ ቀልድ፣ «እማ፣ አሁን የሚተኩሱት ሩቅ ናቸው አይደል?» አለኝ። ስንት ጊዜ «ምን ሆነሃል?» ብዬ ጮኼበት ያልነገረኝን! አልጋው አልተወውም፤ ባለፈው ሳምንት እንኳን ሁለት ጊዜ። አማቴ ግን ስለ በርበሬው ማንሳት ትታለች። ጭራሽ አንድ ቀን ደንገሉን እያቀበለችው አገኘኋት።

ትናንት መልእክትሽን ከፈትኩት። ለካ ይህን ሁሉ ጊዜ የፈራሁት ስለ ድመትሽና ስለ ቤት አከራይሽ ነው! ብቻዬን ሳቅኩ። መጨረሻው ላይ ግን ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ «እኔም እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል፣ እስኪ ሲመችሽ ደውዪ» ትያለሽ። ሦስት ጊዜ መልሼ ሰማሁት። ሳይመቸኝ ይህን ያህል ጊዜ ቆየሁ።

ደብዳቤው እንደደረሰሽ ቅዳሜ 10 ሰዓት ላይ ጠብቂኝ፣ ከዋርካው ሥር እደውልልሻለሁ። ካሜራ አያስፈልግም። ቢቋረጥ እኔ መልሼ እደውላለሁ።

ያቺው የዩኒቨርሲቲ፣ የፔዳ ግቢ ዶርም ጓደኛሽ፤
ባህር ዳር