ቀንዲል የሚጸልዩልን ካህናት የት አሉ?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ባለፈው ክረምት የ82 ዓመት እናቴ ግማሽ አካሏ አልታዘዝ ብሏት አልጋ በያዘች ጊዜ፣ አንዲት የቅርብ ዘመዳችን አንድ ጠርሙስ ዘይት ይዛ መጣች። ዘይቱን የሰጣት ራሱን አጥማቂ ብሎ የሚጠራ ሰው ሲሆን፣ ቅስናም ዲቁናም እንደሌለው እርሷም አልደበቀችንም። ብር ከፍላበታለች፤ ዘይቱ በሚቀባባቸው ቀናት የሐኪም መድኃኒት መቋረጥ አለበት የሚል ትእዛዝም ተቀብላ መጥታለች። እኛም ዛሬ ሳስበው እያፈርኩ የምናገረውን ሥራ ሠራን፤ ለአራት ቀናት መድኃኒቷን አቋረጥንባት። በአምስተኛው ሌሊት የደም ግፊቷ አሻቅቦ ወደ ሆስፒታል ይዘናት ሮጥን።

የንስሐ አባታችን ይህን ሲሰሙ አልተቆጡም። «ቀንዲል ለምን አላስጸለያችሁላትም?» ብለው ብቻ ጠየቁን፤ ካህናት በዘይት ላይ ጸልየው ሕመምተኛን የሚቀቡበትን ሥርዓት ማለታቸው ነበር። በቤቱ የነበርነው ስድስት ሰዎች በአርባና በሰማንያ ቀን የተጠመቅን፣ በበዓላት ከቅዳሴ የማንቀር ነን፤ መልስ የሰጠ ግን አልተገኘም። ከመካከላችን አንዱ ብቻ «ቀንዲል ሊሞት ለተቃረበ ሰው አይደለም እንዴ?» አለ። ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ያነሣሣኝ የዚያን ዕለት አለማወቃችን ነው።

ቀንዲል ከሰባቱ ምሥጢራተ ቤተ ክርስቲያን አንዱ ነው። ጥምቀቱን፣ ሜሮኑን፣ ቁርባኑን፣ ክህነቱን፣ ተክሊሉን፣ ንስሐውን አብዛኛው ምእመን አይቷል ወይም ተቀብሏል፤ ቀንዲልን ግን ከስሙ አልፎ የሚያውቀው ጥቂት ነው። ሐዋርያው ያዕቆብ በመልእክቱ ምዕራፍ 5 ቁጥር 14 ላይ የታመመ ሰው የቤተ ክርስቲያንን ሽማግሌዎች እንዲጠራ፣ እነርሱም በጌታ ስም ዘይት ቀብተው እንዲጸልዩለት አዝዟል። ሽማግሌዎች የተባሉት ቀሳውስት መሆናቸውን ቤተ ክርስቲያናችን ታስተምራለች። በሥርዓቱ መሠረት ሰባት ካህናት ቢገኙ መልካም ነው፤ ካልተሟሉም ባሉት ይፈጸማል። በዘይቱ ላይ ሰባት ጊዜ ይጸለያል፤ በየጸሎቱ አንድ አንድ ፈትል ይበራል፣ ከመልእክታት፣ ከመዝሙርና ከወንጌል ይነበባል፣ በመጨረሻም ሕመምተኛው ይቀባል። የሚጸለየው ለነፍስም ለሥጋም ፈውስ በመሆኑ፣ እንደ ጥምቀትና እንደ ክህነት አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰጥ ሳይሆን ሰው በታመመ ቁጥር ሊደገም የሚችል ነው። ሞት አፋፍ ላይ እስኪደርሱ መጠበቅን የሚያዝዝ ሥርዓት የለም።

ሰው የሚደናገረው ዘይት ሁሉ አንድ ስለሚመስለው ይመስለኛል። ሕፃኑ ሲጠመቅ የሚቀባው ቅዱስ ሜሮን በፓትርያርኩና በሊቃነ ጳጳሳት ጸሎት የሚከብር ሲሆን፣ ተጠማቂውን በእርሱ የሚያትመው ቄሱ ነው። የቀንዲሉ ዘይት ሕመምተኛው ባለበት በካህናት ይጸለይበታል። በጠርሙስ ታሽጎ በዋጋ የሚሸጠው ዘይት ከሁለቱም የለበትም። ጠበልም ቢሆን በረከትና ፈውስ የሚገኝበት ሆኖ ሳለ፣ ጠበል መጠመቅና በሥላሴ ስም ተጠምቆ ልጅነትን መቀበል እጅግ የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ «አጥማቂ» የሚለው ስም ራሱ ይህን ልዩነት ሸፍኖብናል።

በቤተ መቅደስ ውስጥ የእያንዳንዱ አገልጋይ ድርሻ ምን ያህል ተለይቶ እንደተቀመጠ ለማየት አንድ ቅዳሴ ልብ ብሎ መከታተል ይበቃል። ሁለት ቀሳውስትና ሦስት ዲያቆናት ካልተሟሉ ቅዳሴ አይገባም። ሥጋውን የሚያቀብለው ቄሱ ነው፤ ዲያቆኑ ደሙን በዕርፈ መስቀል (ባለ መስቀል ማንኪያ) ያቀብላል፣ ሕዝቡን ለጸሎት ያስነሣል፣ መልእክት ያነብባል፤ ነገር ግን አይባርክም፣ አያጠምቅም፣ ከኃጢአት አይፈታም። ቄሱም በበኩሉ ዲያቆን መሾም አይችልም፤ ይህ የኤጲስ ቆጶሱ ነው። የዲቁና ማዕረግ ያለው አገልጋይ እንኳ ከዚህ መስመር የማያልፍ ከሆነ፣ ምንም ማዕረግ የሌለው ሰው ዘይት እየቀባ ሲያሰልፍ ዝም ብለን የምናየው በምን ሕሊና ነው?

አባቶቻችን በዚህ ነገር ምን ያህል ጥንቁቆች እንደነበሩ ታሪክ ይመሰክራል። ከመጀመሪያው ጳጳሳችን ከከሣቴ ብርሃን ሰላማ በኋላ ለብዙ መቶ ዓመታት ጳጳስ ይመጣልን የነበረው ከግብፅ ነው። በስም ብቻ የሚመሳሰሏቸው ግብፃዊው አቡነ ሰላማ በ1860 ዓ.ም. በመቅደላ ካረፉ በኋላ እንደሆነው መንበሩ ባዶ ሲሆን፣ አዲስ ዲያቆንና ቄስ የሚሾም እስኪመጣ ይጠበቅ ነበር፤ ጳጳሱ የመጡ እንደሆነም ክህነት ፈላጊው ከየአውራጃው እየተጓዘ በሺዎች ይሰበሰብ ነበር። ኢትዮጵያዊው አቡነ ባስልዮስ ሊቀ ጳጳስ የሆኑት በ1943 ዓ.ም. ነው። ያ ሁሉ ጥበቃ አንብሮተ እድ (በኤጲስ ቆጶስ እጅ መጫን የሚሰጥ ሹመት) ያልተቀበለ ሰው ምሥጢር አይፈጽምም ከሚል እምነት የመጣ ነበር። ዛሬ በየአጥቢያው ካህን ሞልቶ ሳለ ሕዝቡ ሌላ ቦታ ሲሰለፍ ማየት ያንገበግበኛል።

ወቀሳው ግን ምእመኑ ላይ ብቻ ሊወድቅ አይገባም። አንድ የንስሐ አባት እጅግ ብዙ ቤተሰብ በሚይዝበት ከተማ፣ ካህኑ ጠበል ረጭቶ ከመውጣት ያለፈ ጊዜ የለውም። በየዐውደ ምሕረቱም ስለ ቀንዲል ሲሰበክ ሰምቼ አላውቅም።

እናቴ ከሆስፒታል ከወጣች በኋላ፣ በአንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሦስት ቀሳውስትና ሁለት ዲያቆናት ቤታችን መጥተው ቀንዲል ጸለዩላት። አስቀድመው ንስሐዋን ተቀበሏት። የከፈልነው አንድም ብር የለም፤ መድኃኒቷንም በሰዓቱ እንድንሰጣት አሳስበውን ሄዱ። እጇ ዛሬም አልተመለሰም፤ ነገር ግን ሰባተኛው ፈትል ሲበራ በደኅናው እጇ አማትባ «ተመስገን» ስትል በሕመሟ ዘመን ሁሉ ያላየሁትን ዕረፍት ፊቷ ላይ አይቻለሁ።

ስለዚህ የሀገረ ስብከቱንና የየአጥቢያውን አስተዳዳሪዎች የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው፤ የክርስትናና የፍትሐት አገልግሎት በሚገለጽበት በየደብሩ በር ባለው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ፣ ሕመምተኛ ያለበት ቤተሰብ ለቀንዲል ጸሎት ማንን፣ በየትኛው ቀንና ሰዓት ማነጋገር እንዳለበት ይጻፍልን።

የዘወትር አንባቢያችሁ
ከአዲስ አበባ