ሳንቲሞቹን አትጠቢያቸው

ይድረስ ለልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? በጣሳ ያጠራቀምሻቸውን ሳንቲሞች በምን ልጠባቸው ብለሽ ጠይቀሽኛል። አትጠቢያቸው። ምክንያቱን ካወቅሽ አብዛኛውን የቀረውን ነገር ራስሽ ትደርሽበታለሽ።

ሳንቲም ሲመታ ብረቱ በሁለት ማኅተሞች መካከል ተጨፍልቆ ከመሐል ወደ ጠርዝ ይገፋል። ያ ግፊት ገጹ ላይ በባዶ ዓይን የማይለዩ ቀጫጭን መስመሮችን ይተዋል። አዲስ ሳንቲም አንድ አምፖል ሥር ይዘሽ ቀስ እያልሽ ስታዘነብዪው ብርሃኑ እንደ መንኮራኩር የሚዞረው በእነዚህ መስመሮች ነው። የጥርስ ሳሙና፣ አመድና ሻካራ ጨርቅ ይፍቋቸዋል፤ ሎሚና ኮምጣጤ ደግሞ ከላይ ያለውን ስስ ብረት ይበሉታል። ከታጠበ በኋላ ያብረቀርቃል፤ ነገር ግን ብርሃኑ አይዞርም፣ በማጉያ መነጽር ሲታይም ጎን ለጎን የተሰለፉ ጭረቶች ይወጣሉ። የለመደ ሰብሳቢ ወዲያው ይለየዋል፣ የጠፋውን ገጽ ደግሞ የሚመልስ ምንም ነገር የለም። ከብር ማዕድን የተሠራ ሳንቲም ላይ በዓመታት የሚመጣው ጠቆር ያለ ወዝ እድፍ አይደለም፤ ተይው።

ሁለት ነገር ብቻ እፈቅድልሻለሁ። አፈር የያዘውን ዲስቲልድ (ተንኖ የተጣራ) ውሃ ውስጥ ማሳደር ትችያለሽ። ሙጫ ወይም የሚያጣብቅ አረንጓዴ ነገር የያዘውን አሴቶን በሚባል ሙጫ የሚያሟሟ ንጹሕ ፈሳሽ ውስጥ አምስት ደቂቃ ያህል ንከሪው፤ ከዚያ በሌላ ንጹሕ አሴቶን አለቅልቀሽ ሳትጠርጊው ይድረቅ። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አይሆንም፣ ሽቶና ዘይት ይጨመርበታልና። የብርጭቆ ዕቃ ተጠቀሚ፣ መስኮት ክፈቺ፣ እሳት አጠገብሽ አይኑር።

ያ የሚያጣብቅ አረንጓዴ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከማስቀመጫው ነው። ለስለስ ያለ፣ ሽታ ያለው የፒቪሲ ፕላስቲክ ከጊዜ ጋር እየፈረሰ አሲድ ይለቃል፣ አሲዱም መዳቡን ይበላል። ስለዚህ ፒቪሲ የሌለበት ማስቀመጫ ግዢ። ለጀማሪ የሚሻለው ማይላር ከሚባል ጥርት ያለ ስስ ፕላስቲክ የተሠራ መስኮት ያለው፣ 5 ሴንቲሜትር በ5 ሴንቲሜትር የሆነው የካርቶን መያዣ ነው። ላስቲክ ማሰሪያና ጋዜጣ አታስጠጊ፤ ላስቲክ ውስጥ ያለው ድኝ ብርን ያጠቁራል። እርጥበቱ ከ50 በመቶ በታች እንዲሆን እርጥበት የሚጠጣ የሲሊካ ጄል ከረጢት ሣጥኑ ውስጥ ጨምሪ፤ ቀለሙ ሲለወጥ ጠጥቶ ጠግቧልና አድርቂው ወይም ቀይሪው። ነሐስ ላይ ፈዛዛ አረንጓዴ ዱቄት ካየሽ ግን ያንን ሳንቲም በዚያው ቀን ከሌሎቹ ለይው፤ እርጥበት ባገኘ ቁጥር እየበላው ይሄዳል።

ሳንቲም ስትይዢ ጠርዙን በአውራና በጠቋሚ ጣትሽ ይሁን፣ ከታች የታጠፈ ለስላሳ ጨርቅ አንጥፈሽ። የጣት ወዝ መዳብ ላይ አሻራ ያትማል፣ ከዚያ በኋላ አይለቅም።

ሐሰተኛውን ለመለየት እስከ 0.01 ግራም የሚያነብ ሚዛን፣ ካሊፐር (ወርድና ውፍረት መለኪያ) እና አሥር እጥፍ የሚያጎላ መነጽር ይበቃሻል። ማግኔት ብርን አይስብም፤ ከተሳበ ሐሰት ነው። አለመሳቡ ግን ምንም አያረጋግጥም፣ እርሳስም ናስም አይሳቡም። የሚያስተማምነው እፍጋቱን፣ ማለትም ክብደቱ ለመጠኑ ሲካፈል የሚወጣውን፣ መለካት ነው። የማርያ ትሬዛን ብር እንውሰድ፤ ክብደቱ 28.07 ግራም፣ ወርዱ 39.5 ሚሊሜትር፣ ከሺህ 833 እጁ ንጹሕ ብር ነው። ቀላል የፕላስቲክ ኩባያ ውሃ ሚዛኑ ላይ አድርገሽ ዜሮ አድርጊው። ሳንቲሙን በቀጭን የናይሎን ክር አንጠልጥለሽ ታችና ጎን ሳይነካ ሙሉ በሙሉ አጥልቂው። ንባቡ 2.75 ግራም አካባቢ መሆን አለበት፤ ክብደቱን ለዚህ ስታካፍዪው 10.2 ይሰጥሻል። ናስ ቢሆን 8.5 አካባቢ ይወጣ ነበር። የአየር አረፋ ከተጣበቀበት ንባቡ ከፍ ብሎ እውነተኛውን ሐሰት ያስመስለዋል፤ ክሩን ነቅነቅ አድርገሽ ድገሚው። ጠርዙንም እዪ፤ «ፍትሕና ምሕረት» የሚል የላቲን ጽሑፍ ጎላ ብሎ መውጣት አለበት፣ በቅርጽ የቀለጠ ሐሰተኛ ላይ ግን ፊደሉ ይደበዝዛል ወይም ዙሪያውን የመገጣጠሚያ መስመር ይታያል። ዓመቱ አያታልልሽ፤ ንግሥቲቱ በ1780 ከሞተች በኋላም በዚያው ዓመት ስም መመታቱ ቀጥሏል፣ 1780 የሚለው ብቻውን ዕድሜውን አይናገርም።

ምን እንደምትሰበስቢ ደግሞ አጥብቢ፤ የአንድ አገር ወይም የአንድ ዓይነት ሳንቲም በየዓመቱ። ከአሥር የተሻሸ አንድ ጥርት ያለ ይሻላል። ሻጮች የሚጠሩት የሼልደን መለኪያ፣ ሳንቲም ምን ያህል እንዳላረጀ የሚለካበት፣ ከ1 እስከ 70 ነው፤ ከ60 ጀምሮ ያለው በገበያ ያልተዘዋወረ ነው።

መያዣውን ስትዘጊ በስቴፕለር ሦስት ጎኑን ምቺና የሽቦውን እግር በፒንሳ ደፍጥጪው፤ አለዚያ አጠገቡ ያለውን ሳንቲም ይቧጭራል። አገሩን፣ ዓመቱን፣ ክብደቱንና የገዛሽበትን ቀን ካርቶኑ ላይ የምትጽፊው ሳንቲሙን ከማስገባትሽ በፊት ይሁን፤ እስክሪብቶ ሲጫን ገጹ ላይ ምልክት ይተዋል።

እናትሽ