ይድረስ ለክልላችን ፍትሕ ቢሮ፦ የአደራው ሕግ ከመደርደሪያ ይውረድልን

ለአማራ ክልል ፍትሕ ቢሮ
ባሕር ዳር

ጉዳዩ፦ የቤተሰብ ውርስ በአደራ የሚቀመጥበት አሠራር እንዲዘረጋ ስለመጠየቅ

ክቡራን ኃላፊዎች፣

ባሕር ዳር ውስጥ ፍርድ ቤት በር አካባቢ ማመልከቻ እየጻፍኩ የምተዳደር ሰው ነኝ። ጠበቃ አይደለሁም። ነገር ግን የውርስ ጠብ ዳኛ ፊት ከመቅረቡ በፊት እኔ ጃንጥላ ሥር ቁጭ ብሎ ይወራል። ወንድም እህቱን ሲከስ፣ አክስት የወንድሟን ልጆች ስትከስ እኔ ነኝ የምጽፈው።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 516 እስከ 544 ስለ አደራ ይደነግጋል። ነገሩ ሲቀል እንዲህ ነው። አንድ ሰው ቤቱን ወይም ገንዘቡን ለይቶ ያስቀምጣል። የሚያስተዳድር ባለአደራ ይሰይማል። ለማን ጥቅም እንደሚውልና እንዴት እንደሚተዳደር ትእዛዙን ይጽፋል። በሕይወት እያለ በስጦታ ሊያደርገው ይችላል፣ በኑዛዜም ይችላል። ከዚያ በኋላ ንብረቱ ለብቻው ይቆማል። የባለአደራው የግል ሀብት አይሆንም፤ እሱ ዕዳ ቢገባ አበዳሪው ይህን ንብረት መንካት አይችልም።

ሕጉ ከወጣ ከስድሳ ዓመት በላይ ሆነው። እኔ ጋ በሚመጡ የኑዛዜ ወረቀቶች ላይ ግን አደራ የተቋቋመበት አይቼ አላውቅም።

ሽምብጥ አካባቢ የነበረ አንድ ቤት ልጥቀስ። ባለቤቷ ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። ከዋናው ቤት ጀርባ ሰርቪስ ቤቶች ነበሯት፤ የልጆቹ ትምህርትም የቤቱ ወጪም በእነሱ ኪራይ ነበር የሚሸፈነው። እሷ ስታርፍ ሁለቱ ትልልቅ ልጆች ሌላ አገር ናቸው፣ ሁለቱ ደግሞ ገና ተማሪዎች። ደላላው ሰልስት እንኳ ሳይወጣ በሩን አንኳኳ። ሐይቁ አጠገብ ያለ ቦታ ዛሬ ስንት እንደሚያወጣ እናንተም ታውቃላችሁ። ትልቁ ልጅ «ድርሻዬ ይሰጠኝ» አለ። ቤቱ ለአራት አይቆረጥም፤ በሐራጅ ተሸጠ። የትንንሾቹ ድርሻ በሞግዚት ስም ባንክ ገባ። ብር ባንክ ተቀምጦ ምን እንደሚሆን አልነግራችሁም። በየወሩ ኪራይ የሚያስገባው ቤት ግን የለም።

እዚህ ውስጥ ሕግ የጣሰ ሰው የለም። ወራሽ ውርስ ይከፈልልኝ የማለት መብት አለው። እናትየው ግን አንድ ገጽ ብትጽፍ ኖሮ ነገሩ ሌላ ነበር። «ትንሹ ልጄ 18 ዓመት እስኪሞላው ቤቱ አይከፈልም። ኪራዩ መጀመሪያ ለጥገናና ለግብር፣ ቀጥሎ ለትምህርት ይውላል። ባለአደራዋ እህቴ ናት። ያለ ፍርድ ቤት ፈቃድ አትሸጥም፤ በየዓመቱ ለትልልቆቹ ሒሳብ ታሳያለች።» ይኸው ነው።

ሰዉ ስለ ውርስ አያስብም እንዳትሉኝ። በጣም ያስባል። መንገዱ ግን አደገኛ ነው። አንዱ ቤቱን በይስሙላ ሽያጭ በወንድሙ ስም ያዞራል። «ለልጆቼ እንዲይዝልኝ ነው» ይላል። በወረቀቱ መሠረት ግን ወንድምየው ባለቤት ሆኗል። እሱ ቀድሞ ቢሞት የሚወርሱት የራሱ ልጆች ናቸው፤ ዕዳ ቢኖርበት ባንኩ ቤቱን ይይዛል። ወንድምየው ክፉ ሰው ባይሆንም ቤቱ ከልጆቹ እጅ ሊወጣ ይችላል። ሌላው ደግሞ አልጋ ላይ ሆኖ ለንስሐ አባቱ «ቤቱ እንዳይሸጥ አደራ» ይላል። ቄሱም ጎረቤቱም ሰምተዋል። ሕጉ ግን የቃል ኑዛዜን የሚቀበለው ለቀብር ሥርዓት፣ ለሕፃናት ሞግዚት ለመሰየምና እያንዳንዳቸው ከ500 ብር ለማይበልጡ ስጦታዎች ብቻ ነው። ከ500 ብር በታች የሆነ ቤት ባሕር ዳር ውስጥ ካለ ንገሩኝ።

የጽሑፍ ኑዛዜም ቢሆን ወጥመድ አለው። አንድ ሽማግሌ የካርታቸውን ኮፒና ኑዛዜያቸውን በፌስታል ጠቅልለው አምጥተው አሳዩኝ። አራት ምስክር ፈርሟል፣ አሻራ አለ፣ ቀን አለ። «ለተናዛዡና ለአራቱ ምስክሮች ተነቦላቸዋል» የምትለው ዓረፍተ ነገር ግን የለችም። በቁጥር 881 መሠረት ይህ ሥርዓት መፈጸሙ ካልተጠቀሰ ኑዛዜው ፈራሽ ነው። ሽማግሌው በሕይወት ስላሉ እንደገና ተጻፈ። በብዙዎቹ ግን ጉድለቱ የሚታወቀው ሰውየው ከተቀበሩ በኋላ ነው፣ ያውም በተከራካሪ ጠበቃ አፍ።

እንግዲህ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። በኑዛዜ አደራ ለማቋቋም የሚያገለግል ናሙና ጽሑፍ በቀላል አማርኛ አዘጋጁልን። «ተነቦላቸዋል» የምትለዋ ዓረፍተ ነገር ቀድማ ትታተምበት። ቅጂው በየወረዳው ፍትሕ ጽሕፈት ቤትና በየእድሩ ይሰራጭ። ለንቃተ ሕግ የምትመድቡትን ጊዜ ጥቂቱን ለዚህ ብትሰጡት ንስሐ አባቶችንም ጥሩልን፤ የመጨረሻውን ቃል የሚሰሙት እነሱ ናቸውና። ኑዛዜ የሚያረጋግጡ ሠራተኞችም አደራ የሚል ቃል ሲያዩ ወረቀቱን እንዳይመልሱት መመሪያ ይድረሳቸው። ይህን ጉዳይ ከሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ 1113/2011 ጋር የሚያምታቱ አሉ። በዚያ አዋጅ ያለው አደራ ለበጎ አድራጎት ነው፤ እኔ የማወራው ስለ አራት ልጆችና ስለ አንድ ግቢ ነው።

ትልቁ ክፍተት ካርታው ላይ ነው። ዕግድና የባንክ ዕዳ ማኅደር ላይ ይመዘገባል። «በአደራ የተያዘ» የሚል ማስታወሻም በዚያው መንገድ ቢመዘገብ ባለአደራው ሹልክ ብሎ ሊሸጥ ቢሞክር ገዢው ያውቃል። ይህ የእናንተ ሥራ ብቻ አይደለም፤ ከከተማ አስተዳደሩ ጋር መነጋገር ይፈልጋል።

የገጠር መሬት ሌላ ነው። ዘጌ ውስጥ ከቡና ሥር የሚኖር ሰው የያዘው የመጠቀም መብት ነው፣ ውርሱም በገጠር መሬት ሕጉ ይመራል። እሱን ከዚህ ጋር አልቀላቅልም። የትዳር ንብረትም እንዲሁ፤ ባል የሚስቱን ግማሽ በአደራ ስም ማሰር አይችልም። ናሙናው ላይ ይህም በግልጽ ይጻፍ፤ አለበለዚያ አንዳንዱ ሚስቱን ለመንጠቂያ ያውለዋል።

«ባለአደራው ቢበላውስ?» የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። አደራ በላማ መቼም አይጠፋም። አሁን ግን አጎትየው ያለ ወረቀት፣ ያለ ሒሳብ፣ ያለ ተቆጣጣሪ ነው የሚይዘው። በጽሑፍ ከሆነ ቢያንስ በምን ትእዛዝ ተሰጥቶት ምን እንዳጠፋ ለዳኛው ማሳየት እችላለሁ።

ናሙናው ሲረቀቅ ሐሳብ ስጡ ከተባልን እኔም ሆንኩ አብረውኝ የሚጽፉ ሰዎች ደስ እያለን እንመጣለን። ሰው የት ላይ እንደሚሳሳት እናውቃለን።

ከአክብሮት ጋር
አንድ ማመልከቻ ጸሐፊ፣ ባሕር ዳር

ግልባጭ፦
ለባሕር ዳር ከተማ አስተዳደር