አንብበህ ሳትጨርስ እንዳትደውል

ይድረስ ለወንድሜ ለሸበላው፣

ሦስት ዓመት ጠፍቼ አሁን "ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ" ብል ትስቅብኛለህ። ሳቅ። ይቅር በለኝ። ስልክህን ያላነሣሁበትን ምክንያት ወረድ ብዬ እነግርሃለሁ። ለመሆኑ ፀጉር ቀርቶልሃል ወይስ እንደ አባትህ ሆነህ አረፍከው?

እማዬ ታማ ነበር። ኅዳር ላይ ከቅዳሴ ስትመለስ ደጃፍ ላይ ወደቀች። ግራ እጅና እግሯ አልታዘዝ አላት። አሁን ደህና ናት፤ በከዘራ ትሄዳለች፣ እኔንም ትቆጣለች። ያን ሌሊት ግን ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ቆሜ "ተሣሀለኒ እግዚኦ" ብዬ ስጀምር ሁለተኛው መስመር ላይ ጠፋብኝ። የኔታ በአርጩሜ ያስያዙንን! ሲጨንቀው ብቻ የሚመጣ ሰው ብዬ በራሴ አፈርኩ።

በነነዌ ጾም ንስሐ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። (ሦስት ቀን ስለሆነች ደፈርኩ እንጂ ዓቢይ ጾምን ብጠብቅ እቀር ነበር።) "ስጨነቅ መምጣቴ ያሳፍረኛል" አልኳቸው። "ዮናስስ የጸለየው ከዓሣው ሆድ አይደል? መርከቡ ላይማ ተኝቶ ነበር" አሉኝ።

ቀለል ቀለል ያሉትን ኃጢአቶች አስቀደምኩ። ሐሜት፣ ጾም መሻር። እሳቸው ዝም። በመጨረሻ የቤቲንጉን ነገር አወጣሁት። "የተበላኸው የማንን ብር ነው?" አሉ።

ይቺን ጽፌ ሻይ ላፍላ ብዬ ተነሣሁ። ሻዩም ፈላ፣ ተጠጣ።

ሸበላው፣ ያኔ በቴሌብር የላክልኝ 18,000 ብር... "እማዬ ሆስፒታል ተኝታለች" ብዬህ አልነበር? አልተኛችም። ያን ቀን በርበሬ ስትቀነጥስ ነው የዋለችው። ብሩ ቅዳሜና እሁድን አልተሻገረም፣ በሁለት ቲኬት አለቀ። ዮናስ ኢዮጴ ላይ የመርከቡን ዋጋ ከፍሎ ነው ከእግዜር የሸሸው። እኔ ባንተ ሒሳብ ነው የሸሸሁት። ስትደውልልኝ "እማዬ እንዴት ሆነች?" ትለኛለህ ብዬ ፈራሁ።

ዘንድሮ የእውነት ስትወድቅ አፌ ያመጣባት መሰለኝ። ይህን ለአባ ስነግራቸው ግን ተቆጡኝ። "እግዚአብሔርን እንዳንተ ቂመኛ አደረግኸው?" አሉ።

ቀኖናዬ በቀን 41 ስግደት ነው። ጉልበቴን አትጠይቀኝ። እሱ ግን ቀላሉ ነው። "ለባለ ገንዘቡ ሳትነግር ቁርባን እንዳታስብ" አሉኝ። ዘኬዎስ አራት እጥፍ እመልሳለሁ ብሏል፤ አንተ ግን 72,000 ብር እንዳትጠብቅ። በየወሩ 1,500 እልካለሁ፣ በዓመት ያልቃል። ካልተውኩልህ ብለህ እንዳትከራከረኝ፣ ቀኖናዬን ታበላሽብኛለህ።

እማዬ ይህን አታውቅም። "ያ ልጅ ምነው ቀረ? አስቀይመኸዋል አይደል?" ትለኛለች። እኔም ቡናው ቀዘቀዘ እላታለሁ። ልንገራት ወይስ መጀመሪያ አንተ ትደውልላት? እኔ እንጃ።

የመጀመሪያዋን 1,500 አሁን ልኬያታለሁ። ቁጥርህን ሳስገባ ሙሉ ስምህ ወጣ። ሸበላው አይልም።