ቀሃንና አንገረብን የሚጠብቅ ሰው ደሞዝ ያስፈልገዋል

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ባለፈው ሰሞን ስለ ከተማችን ወንዞች ብክለት ያወጣችሁትን ዘገባ አነበብኩት። ቆሻሻውን በደንብ አሳይታችኋል። ስለ ፌስታሉ፣ ስለ ሃይላንዱ፣ ማታ ማታ ወደ ወንዝ ስለሚለቀቀው የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽ ተጽፏል። አንድ ነገር ግን ጎደለብኝ። እነዚህን ወንዞች በየጊዜው እየወረዱ የሚያዩ፣ የሚለኩ፣ የሚጠግኑ ሰዎች ጎንደር ውስጥ አሉ። ስለ እነሱ አንድ መስመር እንኳ አላገኘሁም።

ዘገባው ከወጣ በኋላ ደግሞ ፒያሳ ላይ ሰዎች ሲነጋገሩ ሰማሁ። «የወንዝ ጥበቃ ኤንጂኦ አለ አይደል እንዴ? ደሞዝ ይበላሉ እንጂ ምን ሰሩ?» ይላል አንዱ። ሌላውም ራሱን ነቀነቀ። ይህ አባባል ያንገበግበኛል። ዛሬ የምጽፍላችሁም ስለዚህ ነው።

አስቀድሜ ማንነቴን ልናገር። የድርጅቱ ሰራተኛ አይደለሁም። ሙያዬ ሒሳብ ነው። ለትናንሽ ማህበራት መዝገብ ይዣለሁ፤ በጀታቸው እንዴት እንደሚጸድቅና እንዴት እንደሚቆረጥ አውቃለሁ። የምኖረው ቀሃ ወንዝ አጠገብ ነው። የሰፈራችን ልጅ የሆነች አንዲት ወጣት በአንድ አነስተኛ አገር በቀል ድርጅት ውስጥ የመስክ ሰራተኛ ናት። ከእሷና ከባልደረቦቿ ጋር ወንዝ ወርጄ ስራቸውን አይቻለሁ።

ምን እንደሚሰሩ ልንገራችሁ። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ቀሃ ይሳሳል። ውሃው ሲያንስ ቆሻሻው ጎልቶ ይወጣል። ያኔ ነው ስራቸው የሚበዛው። ቦቲ አድርገው፣ ጓንት አጥልቀው በጠዋት ይወርዳሉ። መጀመሪያ የሚሄዱት ከከተማው በላይ ወዳለው ቦታ ነው። ከዚያ ከተማውን አልፈው ወደ ታች ይወርዳሉ። ሁልጊዜ ያው ቦታ ነው፣ ሁልጊዜም ያው ሰዓት። ሰዓቱን ለምን እንደምትጠብቅ ልጅቷን ጠየቅኳት። ውሃ ውስጥ ያለው ኦክስጅን በቀን ውስጥ ይለዋወጣል አለችኝ። ስለዚህ ዛሬ ጠዋት ለክተው በሚቀጥለው ወር ከሰዓት በኋላ ቢለኩ ሁለቱን ማነጻጸር አይቻልም።

የመለኪያ መሣሪያ አላቸው። እኔን ይበልጥ የገረመኝ ግን ድንጋይ መገልበጣቸው ነው። ከድንጋዩ ስር የተጣበቁትን ጥቃቅን የነፍሳት እጮች በመረብ ይይዙና ነጭ ሳህን ላይ ይዘረግፏቸዋል። ከነዚህ እጮች መካከል ኦክስጅን የበዛበት ንጹህ ውሃ ካላገኙ የማይኖሩ አሉ። ከኋላቸው ሁለት ወይም ሦስት እንደ ክር የቀጠነ ጅራት ያላቸው ናቸው። ወንዝ ውስጥ ቆሻሻ ሲበዛ ባክቴሪያዎች ያንን ቆሻሻ ሲያበሰብሱ ኦክስጅኑን ይጨርሱታል። ያኔ ባለጅራቶቹ ይጠፋሉ። የሚቀሩት ቀይ ትል የሚመስሉት ናቸው። የቀሉት እንደ እኛ ደም ሄሞግሎቢን ስላላቸው ነው፤ የተረፈችውን ትንሽ ኦክስጅን በዚያ ይዘው ይኖራሉ። ከከተማው በላይ የተሞላው ሳህን ውስጥ የተለያየ ዓይነት ነፍሳት አየሁ። ከከተማው በታች በተሞላው ውስጥ ቀዮቹ ብቻ ይርመሰመሱ ነበር። በሁለቱ ሳህኖች መካከል ያለችው የኛ ከተማ ናት። እኔ ከዚያ ወዲህ ወንዙን በድሮ ዓይኔ አላየውም።

ልጅቷ ይህን ሁሉ በደብተር ትመዘግባለች። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የውሃውን ሙቀት፣ የነፍሳቱን ዓይነት፣ ዳር ላይ ያየችውን ሁሉ። ዝናብ ጥሎ እንደነበረም ትጽፋለች፤ የመጀመሪያው ዝናብ ሲመጣ በጋውን ሙሉ የተጠራቀመው ቆሻሻ በአንድ ጊዜ ታጥቦ ወንዝ ይገባልና።

ከዚያ የሚቀጥለው ስራ ሰው ማናገር ነው። ይሄኛው ከመለካቱ የከበደ ይመስለኛል። ወንዝ ዳር ልብስ የምታጥብ ሴት ውሃ ቤቷ ስላልመጣ ነው እዚያ የተገኘችው። መቆጣት አይገባም፣ ልጅቷም አትቆጣም። «እታለም፣ እጥቡን መሬት ላይ ብትደፊው አፈሩ ያስቀረዋል፤ ወንዝ ከገባ ግን ታች ያሉት ይጠጡታል» ትላለች፤ ደግሞም አጠገቧ ቁጭ ብላ ትጨዋወታለች። ባጃጁን ውሃ ውስጥ አቁሞ የሚያጥበውንም «ወንድምዓለም፣ ዘይቱ እኮ ታች ጎመኑ ላይ ነው የሚሄደው» ትለዋለች። እውነቷን ነው። በዚያ ውሃ ጎመንና ሰላጣ ይለማል፤ ያንኑ ገበያ ላይ ገዝተን እንበላዋለን። አንዳንዱ ይሰማታል። አንዳንዱ «አንቺ ደግሞ ማን ነሽ?» ይላታል። እሷ ግን በሚቀጥለው ሳምንት ተመልሳ ትሄዳለች። ሰፈሩ የሚያውቃትም፣ ቀስ በቀስ የሚያምናትም ስለምትመለስ ነው።

አንገረብ በኩል ስራው ሌላ ነው። የአንገረብ ግድብ የጎንደር የመጠጥ ውሃ ምንጭ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ከግድቡ በላይ ያለው ተራራማ መሬት ሲታጠብ አፈሩ ወርዶ ግድቡ ውስጥ ይተኛል። ደለል በያዘው ቦታ ልክ ውሃ ይቀንሳል። ውሃ በፈረቃ ሲመጣ፣ ጄሪካን ይዘን ስንሰለፍ ከምንከፍለው ዋጋ ውስጥ የዚያ አፈር ድርሻ አለበት። የድርጅቱ ሰዎች ከገበሬው ጋር ሆነው ቦረቦሩን በድንጋይና በጋቢዮን ሽቦ ይከትራሉ፣ እርከን ይሰራሉ፣ ዳሩን በደሾና በቬቲቨር ሳር ይይዛሉ። እንዲህ ያለ ክትር አንድ ጊዜ ተሰርቶ የሚተው አይደለም። ጎርፍ አንዲት ድንጋይ ከነቀለ ውሃው በዚያ በኩል ይሾልክና ዳሩን ይበላል። ከከባድ ዝናብ ማግስት አንድ ሰው ሄዶ ካላየው፣ ብዙ ገንዘብ የወጣበት ክትር በአንድ ክረምት አፈር ይሆናል። ያ ሄዶ የሚያይ ሰው ነው እንግዲህ «ደሞዝ ይበላል» የሚባለው።

ችግኙም ያው ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ ሕዝቡ ለችግኝ ተከላ የወጣበትን ቀን ሁላችንም እናስታውሳለን። ደስ የሚል ቀን ነበር፣ እኔም ተክያለሁ። ነገር ግን ችግኝ የሚሞተው ሐምሌ ላይ አይደለም። ጥር ላይ በፍየል ይበላል፤ መጋቢት ላይ ውሃ አጥቶ ይደርቃል። ወንዝ ዳር የተተከለ ዶቅማና ዋንዛ እግሩን እስኪተክል ዓመታት የሚከታተለው ሰው ይፈልጋል። ልቅ ግጦሹን ከሰፈሩ ሽማግሌዎች ጋር ተነጋግሮ የሚያስቆም፣ የደረቀውን የሚተካ፣ አጥሩን የሚያስር ሰው። ይህ በዘመቻ የሚሰራ ስራ አይደለም።

አሁን ወደ ሙያዬ ልግባ። ድርጅት ፕሮፖዛል ሲጽፍ ለጋሹ መጀመሪያ የሚያየው የደሞዝ መስመሩን ነው። አንድ ለጋሽ «ሁለቱን የመስክ ሰራተኞች አውጡና በዚያ ብር ችግኝ ጨምሩበት» ሲል በዚህ ጆሮዬ ሰምቻለሁ። ስለ ቲሸርቱና ስለ ባነሩ ግን ምንም አላለም። ችግኙ ተጨመረ፣ የሚያጠጣው ተቀነሰ። በወረቀት ላይ ያማረ በጀት ነበር።

ይህ አስተሳሰብ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። በ2001 ዓ.ም. በወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 621 አንድ ድርጅት ለአስተዳደር ከ30 በመቶ በላይ ማውጣት አይችልም ነበር። ችግሩ መመሪያው ነበር፤ ከዓላማው ስራ ጋር በቀጥታ የተያያዘውን ብዙ ወጪ አስተዳደር ውስጥ ከተተው። ያን ጊዜ መዝገብ የያዘ ሁሉ ጭንቁን ያውቀዋል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1113 ጣሪያውን ወደ 20 በመቶ ዝቅ አደረገው። ትርጉሙን ግን አስተካከለው። አሁን የአስተዳደር ወጪ የሚባለው ከፕሮጀክቱ ስራ ጋር ያልተያያዘው ነው፤ የቢሮ ኪራይ፣ የአስተዳደር ሰራተኞች ደሞዝና የመሳሰለው። ወንዝ ወርዳ የምትለካው ልጅ ደሞዝ የፕሮጀክቱ ስራ ራሱ ነው። ሕጉ ከተቀየረ ስንት ጊዜው ነው፣ የኛ ወሬ ግን አሁንም የድሮው ላይ ነው።

የልጅቷ ደብተር ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 ማንኛውም ሰው አካባቢን የሚበክልን አካል የመክሰስ መብት ይሰጣል። በግል ተጎድቻለሁ ብሎ ማስረዳት አይጠበቅበትም። መጀመሪያ ለሚመለከተው የአካባቢ ጥበቃ መስሪያ ቤት አቤት ይላል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካላገኘ ወይም ውሳኔው ካላረካው በቀጣዮቹ 60 ቀናት ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። በጣም ጠንካራ መብት ነው። ታዲያ ዳኛ ፊት ቀርቦ «ወንዙ ይሸታል» ማለት ምን ያደርጋል? የሚያስፈልገው ከዚያ ቱቦ በላይና በታች፣ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ተደጋግሞ የተለካ መረጃ ነው። ያንን ለዓመታት ሳያቋርጥ የሚይዝ በፈቃደኝነት ብቻ አይገኝም። ፈቃደኛ ፈተና ሲደርስበት ይቀራል፤ ስራ ሲያገኝ ይሄዳል። አይፈረድበትም።

ጎንደር ይህን ከሌላው ከተማ ቀድማ ታውቀዋለች። ጎረቤታችንን ደምቢያን የወባ ወረርሽኝ ካጠቃት በኋላ፣ በ1947 ዓ.ም. የጤና ኮሌጁ እዚህ ተከፈተ። ያኔ የሰለጠኑት ጤና መኮንኖች፣ የማህበረሰብ ነርሶችና ሳኒታሪያኖች ነበሩ። ሳኒታሪያኑ በየመንደሩ እየዞረ ምንጩንና መጸዳጃውን የሚያይ፣ ሕዝቡን የሚያስተምር ባለሙያ ነበር። መንግሥት ደሞዝ ከፍሎ ያሰማራው ስራው ዕለት ተዕለት ስለሆነ ነው። ዛሬ በቀሃና በአንገረብ ዳር የሚመላለሱት ልጆች የዚያ ሙያ ወራሾች ናቸው። ከነሱ ውስጥም ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ከሆነው ከዚያው ኮሌጅ የተመረቁ አሉ።

እነዚህ ዓመታት ደግሞ በጣም ከብደዋቸዋል። በክልላችን ግጭቱ ከተነሳ ወዲህ ከከተማ ወጣ ብሎ መስራት የማይቻልባቸው ብዙ ቀናት ነበሩ። ጥር 2017 ዓ.ም. ላይ አሜሪካ የውጭ እርዳታዋን ስታቆም ብዙ የአገራችን ድርጅቶች ሰራተኛ ቀንሰዋል። ከዚያ ገንዘብ ያልነኩትም ቢሆኑ ለቀሩት ጥቂት ለጋሾች ሁሉም ሲሻማ ተጎድተዋል። የሰፈራችን ልጅ ኮንትራቷ አጭር ነው፤ ባለቀ ቁጥር ይታደስ አይታደስ አታውቅም። ቤት ኪራይ ትከፍላለች፣ እናቷን ትረዳለች። ለስራዋ ያላት ፍቅር የኪራይ ቀን አያስቀርላትም። እሷ ብትለቅ ደብተሩ መደርደሪያ ላይ ይቀራል፤ የምታውቀው ግን አብሯት ይሄዳል። የትኛው ቱቦ የማን ግቢ እንደሆነ፣ የትኛው ክትር ከየትኛው ጎርፍ በኋላ እንደሚፈርስ፣ የትኞቹ አባወራ እንደሚሰሙ።

ይህ የኛ የሰፈር ጉዳይ ብቻ አይደለም። ቀሃም አንገረብም ወደ መገጭ ይገባሉ፤ መገጭ የደምቢያን ሜዳ አቋርጦ ጣና ይገባል። እምቦጭ ጣና ላይ መጀመሪያ የታየው መገጭ በሚገባበት አካባቢ ነው። አረሙ የሚወፍረው ወንዞች በሚያመጡለት ማዳበሪያና ፍሳሽ ነው። የደምቢያ ገበሬ ደረቱ ድረስ ውሃ ገብቶ በእጁ ሲነቅል ስናይ አዝነናል፤ ገንዘብም አዋጥተናል። ከላይ የሚመጣለትን መቀነስ ግን የኛ የጎንደሮች ስራ ነው።

በጥር የከተራ ዕለት ታቦታቱ የሚያድሩበት የአፄ ፋሲል ጥምቀተ ባሕር የሚሞላው ከቀሃ ነው። ለዚያ በዓል ገንዘብ የሚያወጡ ነጋዴዎች፣ ሆቴሎች፣ ከውጭ የሚመጡ የጎንደር ልጆች አሉ፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው። እኔ የምለምናቸው አንድ ነገር ነው። የአንድ የመስክ ሰራተኛ የዓመት ደሞዝ ይክፈሉ። ለቲሸርት፣ ለባነር፣ ለምረቃ ድግስ የታሰበውን ወደዚህ ያዙሩት። የሚሰጡትም ለአንድ ክረምት ሳይሆን ቢያንስ ለሦስት ዓመት ይሁን። ሒሳቡን መጠየቅ መብታቸው ነው፤ ደብተሩንም፣ ክትሩንም፣ የተረፈውን ችግኝም ሄደው ይዩ። ከተማ አስተዳደሩም የወንዝ ዳር ስራ ሲያቅድ ከግንባታው ጎን ለጎን የሚከታተሉ ሰዎች ደሞዝ በዓመታዊ በጀቱ ውስጥ ይያዝ።

እናንተንም አንድ ነገር ልጠይቅ። ዘጋቢዎቻችሁ ወንዛችንን የሚያዩት በጽዳት ዘመቻ ቀን፣ ባለስልጣን አካፋ ሲይዝ ነው። እስኪ መጋቢት ላይ፣ ዘመቻ በሌለበት ተራ ማክሰኞ፣ አንድ ጋዜጠኛ ላኩና ከነሱ ጋር ከላይኛው ቦታ እስከ ታችኛው ይውረድ። ፈቃደኛ ከሆኑ ስማቸውን ጻፉ። ምን ያህል እንደሚከፈላቸውም ጠይቁና አውጡት።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ ከጎንደር