አሜባም ኪንታሮትም?

እማዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ይህን ወረቀት ቡናውና ስኳሩ ካለበት ፌስታል ውስጥ ታገኚዋለሽ። መነጽርሽን አድርገሽ ብቻሽን አንብቢው። በስልክ ሳነሳብሽ ወዲያው "ኔትወርኩ" ትያለሽ። ስለ በግ ዋጋ ስናወራ ግን የሱሉልታ ኔትወርክ ተቆራርጦ አያውቅም።

ያለፈው እሁድ ሊጥ ላቦካልሽ ስል ከቡሃቃው ኋላ አራት ባዶ የክኒን ማሸጊያ አገኘሁ። ሜትሮኒዳዞል ነው፤ ያው አንቺ ፍላጂል የምትዪው። ስጠይቅሽ "አሜባዬ ተነስቶብኝ" አልሽ። ቡናው ሦስተኛ ላይ ሲደርስ ደግሞ ሽንት ቤት ስትወጪ ደም እንደምታዪ ነገርሽኝ። "ኪንታሮት ይሆናላ" ብለሽ ጨመርሽ። አንዱን ምረጪ እንጂ፣ እማዬ።

እርግጥ ኪንታሮትም አሜባም ደም ያመጣሉ። ሊሆን ይችላል። ግን 63 ዓመትሽ ነው፣ አንድም ጊዜ አልተመረመርሽም። ገበያ ደርሰሽ ስትመለሺ ሁለት ቦታ ትቀመጪያለሽ። "ብርዱ ነው" ትያለሽ። ሱሉልታ ከድሮም ብርድ ናት፤ አንቺ ግን እንዲህ አትደክሚም ነበር። ቀስ እያለ የሚሄድ ደም ደም ማነስ ያመጣል። የፈራሁት የትልቁ አንጀት ካንሰርን ነው። ይኸው ጻፍኩት።

ከዚያ ወዲህ ሳነብ ነው የማመሸው። ብዙው ነገር ስለ ባክቴሪያ ነው። የእርሾ ሰው ስለሆንሽ ይገባሻል። ሊጡን የሚያቦካው ዓይን የማያየው ነገር አይደል? አንጀታችንም ውስጥ በትሪሊዮን የሚቆጠር አለ። አብዛኛው ወዳጅ ነው። ከምስሩ፣ ከገብሱ፣ ከሽሮው እኛ መፍጨት ያቃተንን ቃጫ ይበላና ቡቲሬት የሚባል ነገር ይሠራል። የትልቁ አንጀት ግድግዳ የሚኖረው በእሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመ ጥናት 20 ጥቁር አሜሪካውያንና 20 የደቡብ አፍሪካ ገጠር ሰዎች ለሁለት ሳምንት ምግብ ተቀያየሩ። ባቄላና በቆሎ የደረሳቸው አሜሪካኖች የአንጀታቸው መቆጣት ቀነሰ። ሥጋና ስብ የደረሳቸው ደቡብ አፍሪካውያን ደግሞ ባሰባቸው። በሁለት ሳምንት!

ክፉዎችም አሉ። አንዱ ፉሶባክቴሪየም ይባላል። ቤቱ አፍ ውስጥ ነው፣ ድድ አካባቢ፤ ግን የአንጀት ዕጢ ውስጥ ገብቶ ይገኛል። ሲያትል ያሉ ተመራማሪዎች 200 ገደማ ዕጢ አይተው አንዱን ዓይነቱን በግማሾቹ ውስጥ እንዳገኙት እ.ኤ.አ. በ2024 ጽፈዋል። (ያንን የተበላ መንጋጋሽን አስታወሰኝ። ጥርስ መንቀል ካንሰር ይከላከላል አላልኩም፤ ግን እሱንም እናሳየዋለን።) ኢ. ኮላይ ከሚባለው የአንጀት ባክቴሪያ ወገን ደግሞ ኮሊባክቲን የሚባል መርዝ የሚሠራ አለ። መርዙ የሴሉን ዲኤንኤ ይጎዳል፤ ጠባሳው ከዓመታት በኋላ ዕጢው ላይ ይነበባል። ይህ ጠባሳ የሚበዛው በወጣት ታማሚዎች ላይ ስለሆነ እኔንም አሳስቦኛል። ፉሶባክቴሪየሙ ዕጢውን ይጀምረው ወይስ ዕጢው ሲመቸው መጥቶ ይስፈርበት፣ አዋቂዎቹም ገና ይከራከራሉ።

አሁን የምጽፈውን አንብበሽ "አላልኩሽም!" እንዳትዪ። እ.ኤ.አ. በ2017 ፉሶባክቴሪየም ያለበትን የሰው ዕጢ አይጥ ላይ ተክለው በሜትሮኒዳዞል ሲያክሙ የዕጢው እድገት ቀነሰ። አዎ፣ የአንቺው ፍላጂል። ግን ቀነሰ እንጂ አልጠፋም፤ እነሱም አይጦች ናቸው። ክኒኑ ወዳጆቹንም አብሮ ይገድላል። ደግሞ አንድ ሳምንት ሻል ሲልሽ ዳንኩ ብለሽ ሌላ ሦስት ወር ታሳልፊያለሽ። ከሁሉ ያስፈራኝ እሱ ነው።

ካንሰሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው ፖሊፕ ከሚባል ትንሽ እባጭ ነው። ወደ ካንሰር ለመለወጥ ብዙ ጊዜ 10 ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። በኮሎኖስኮፒ ከታየ እዚያው ይቆረጣል። ኮሎኖስኮፒ ጫፉ ላይ ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ ነው። በየት እንደሚገባ ገምተሽ እንደምትደነግጪ አውቃለሁ። ማደንዘዣ አለው፤ ሴት ሐኪም እንድታይሽም ጠይቄያለሁ። በዋዜማው ፈሳሽ ብቻ ነው፤ ሁዳዴን 55 ቀን ለምትጾሚ ምን አላት? አስቸጋሪው የሚያስቀምጠው መድኃኒት ነው። ግቢው ጥግ ድረስ በዚያ ብርድ ሌሊቱን ሙሉ ስትመላለሺ አላይሽም። እኔ ጋ ኮዬ ፈጬ ታድሪያለሽ። ውኃውም በዚያ ቀን ተራችን ነው፣ አጣርቻለሁ።

ማክሰኞ ጠዋት እመጣለሁ። እስከዚያ ሌላ ክኒን እንዳትገዢ። ማሸጊያዎቹን ግን አትጣያቸው፣ ለሐኪሟ እናሳያታለን። እርሾውን ለክርስትና ልጅሽ አደራ ስጪያት። ምክንያቱን ካልፈለግሽ አትንገሪያት፤ ልጄ ጋ ትንሽ ልከርም ነው በያት።

ልጅሽ